ማርፋን ሲንድረም እያለብኝ ስወልድ የማደንዘዣዬ ጉዳይ እንዴት እንደተወሰነ

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ማርፋን ሲንድረም የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም እያለባቸው ላረገዙ ወይም ለማርገዝ ለሚያስቡ እህቶች፣ እንዲሁም አብረዋቸው ለሚጨነቁ ባሎቻቸውና እናቶቻቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ሐኪሞቼ የእኔን አካል መርምረው የወሰኑትንና የወሰኑበትን ምክንያት እንጂ ለሌላ ሰው የሚታዘዝ ሕክምና አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳላመነታ እናገራለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባት እናት ስለ ማደንዘዣዋ መነጋገር ያለባት ሆዷ ገና ሳይገፋ፣ ማደንዘዣውን ከሚሰጣት ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው። ምጥ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ውይይት ውይይት አይባልም።

ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው በ1896 እ.ኤ.አ. ጣቶቿና እግሮቿ ከልክ በላይ የረዘሙ የአምስት ዓመት ልጅ ታሪክ ካቀረቡት ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ከአንትዋን ማርፋን ነው። መንስኤው በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው፣ ፋይብሪሊን-1 የተባለ ፕሮቲን በሚሠራበት ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑ የታወቀው ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ፕሮቲን የሰውነትን ተያያዥ ክፍሎች፣ ማለትም የደም ቧንቧን ግድግዳ፣ የዓይን ሌንስን አንጠልጥሎ የሚይዘውን ክር፣ ጅማትን፣ የሳንባን ሽፋንና ሕብለ ሰረሰርን የሚከበውን ዱራ የተባለ ስስ ሽፋን አጠንክሮ የሚይዝ ነው። እሱ ሲጎድል እነዚህ ሁሉ ይላላሉ፤ የላላ ነገር ደግሞ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል። ከ5,000 ሰዎች አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹ ሩብ ያህሉ ግን ከቤተሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ይህን የዘረዘርኩት ከታች የማነሳቸው የማደንዘዣ ጥያቄዎች በሙሉ ከዚሁ መላላት ስለሚመነጩ ነው።

የእኔ ሕመም የታወቀው በዓይኔ በኩል ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእኩዮቼ ሁሉ ረዝሜ ነው ያደግሁት። አባቴም እንዲሁ ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ ደረታቸውን ይዘው ወደቁና በዚያው አለፉ። ቤተሰቡም «ልቡ ቆመ» ከማለት ውጪ ሌላ ምክንያት አልፈለገም። ከዓመታት በኋላ መነጽር ለመቀየር ሄጄ የመረመረችኝ የዓይን ሐኪም ሌንሴ ከቦታው ወደ ላይ መንሸራተቱን ስታይ፣ አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ አጥፌ እንድጨብጥ አዘዘችኝ፤ የአውራ ጣቴ ጫፍ በትንሿ ጣቴ በኩል አልፎ ወጣ። ቀጥላም የአንድ እጄን አንጓ በሌላኛው እጄ ጣቶች እንድከብ ነገረችኝ፤ አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ ተደራርበው ተላለፉ። «የልብ ኢኮ ሳትነሺ እንዳታድሪ» ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድም አዎርታ የሚባለው ከልብ የሚነሳው ዋና የደም ቧንቧ ከሥሩ መስፋቱን አሳየ።

እንግዲህ ያገባሁትም ያረገዝኩትም ይህን አውቄ ነው። ከማርገዜ በፊት የልብ ሐኪሜ በግልጽ የነገሩኝ ቁጥሮች ነበሩ። የአዎርታው ሥር ስፋት ከ40 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አደጋው አነስተኛ ነው፣ የለም ግን አይባልም። ከ45 በላይ ከሆነ እርግዝና አይመከርም። በመካከሉ ያለው እንደየሰው ይታያል። የእኔ 42 ስለነበር ከመካከለኞቹ ነበርኩ። በእርግዝና ጊዜ ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ በእርግዝና የሚመጡት ሆርሞኖችም የደም ቧንቧውን ግድግዳ ያለሰልሱታል፤ የምጥ ሕመም ደግሞ በዚህ ላይ የደም ግፊትን ሽቅብ ይሰዳል። የአዎርታ መሰንጠቅ ይበልጥ የሚፈራውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። እወስደው የነበረው ሎሳርታን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድሞ እንዲቆም ተደረገ፤ በምትኩ የልብ ምትን የሚያረጋጋው ሜቶፕሮሎል ታዘዘልኝ፤ እሱን እስክወልድም ከወለድሁ በኋላም አላቋረጥኩም። አቴኖሎል የሚባለው የዚሁ ወገን መድኃኒት የፅንሱን ዕድገት ሊቀንስ ስለሚችል እንደማይመረጥ የተረዳሁትም ያኔ ነው።

በእርግዝና ክትትሉ ስለ ልቤ ብዙ ተባለ፤ ስለ ማደንዘዣ ግን የሚያነሳ አልነበረም። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። በአገራችን አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ስትወልድ ባብዛኛው የሚሰጣት ስፓይናል የሚባለው በወገብ የሚወጋ ማደንዘዣ ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ወጪው ቀላል ነው፣ እናቲቱም ነቅታ የልጇን ድምፅ ትሰማለች፤ ለአብዛኞቹ እናቶች ከሙሉ ማደንዘዣ የተሻለ መሆኑም አያጠያይቅም። ስለዚህ ጉዳዩ ምርጫ ያለበት አይመስልም። እኔም የማደንዘዣ ባለሙያ ማየት እንዳለብኝ የሰማሁት ከልብ ሐኪሜ ነው፤ «ማን እንደሚያደነዝዝሽ ከአሁኑ እወቂ፤ ይህን ኢኮ እሱ ሳያየው ኦፕራሲዮን ክፍል እንዳትገቢ» አሉኝ። ይህንኑ ለፅንስና ማህፀን ሐኪሜ ስነግራቸው ራሳቸው ስልክ ደውለው አገናኙኝ። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ተመላላሽ ክፍል አልነበረም፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ያነጋገሩኝ በሁለት ኦፕራሲዮን መካከል፣ አረንጓዴ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ነው። አግዳሚም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

መጀመሪያ አፌን አስከፍተው በትንሽ ባትሪ ተመለከቱ፤ የማርፋን ታማሚ ላንቃ ከፍ ብሎ የጠበበ፣ ጥርሱም የተደራረበ ስለሚሆን የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ሊያስቸግር ይችላል። መንጋጋዬ ወልቆ ያውቅ እንደሆነ፣ በሳንባዬና በደረቴ መካከል አየር ገብቶ ታክሜ አውቅ እንደሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ጀርባዬን በጣታቸው እየዳሰሱ ከአንገት እስከ ወገብ ወረዱ፤ አከርካሪዬ መሃሉ ላይ ጠመም ያለ ነው። በመጨረሻ «ወገብሽንስ ያምሻል?» ሲሉኝ ከማርገዜ ከዓመታት በፊት ጀምሮ እንደሚያመኝ፣ ቆሜ ሳስተምር እንደሚብስብኝ፣ ጋደም ስል እንደሚሻለኝ፣ ለዚሁም ብዬ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክ የለብሽም» ተብዬ እንደተመለስኩ ነገርኳቸው።

«ፊልሙ አለሽ?» አሉኝ።

ነበረኝ። ባለቤቴ ባጃጅ ይዞ ሄዶ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አመጣው። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዙና በእስክሪብቶ ጫፍ የወገቤን የታችኛውን ክፍል አሳዩኝ። ነጭ ሆኖ የሚታየው በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ከላይ ቀጠን ብሎ ይወርድና ዳሌ አጥንት አጠገብ ሲደርስ እንደ ቅል ሆድ ይሰፋል። ፈሳሹን የያዘው ዱራ በላላበት ቦታ ተለጥጦ ነው። በሕክምናው ዱራል ኤክቴዥያ የሚባለው ይህ ነገር ከግማሽ በላይ በሆኑት የማርፋን ታማሚዎች ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ብዙዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም። በእኔ ፊልም ላይ ቀድሞ የተፈለገው ዲስክ ስለነበር የተገኘው መልስም ስለ ዲስክ ብቻ ነበር። ስለዚህ የቆየ ፊልምም ሆነ ወረቀት የሚጣል አይደለም፤ ፊልም የሌላትም እናት ቢሆን ያለ ማቅለሚያ መርፌ የሚነሳው ኤምአርአይ በእርግዝና ጊዜ አስፈላጊ ሲሆን የሚታዘዝ ምርመራ መሆኑን አውቃ ሐኪሟን ልትጠይቅ ትችላለች።

ይህ መስፋት ለማደንዘዣ ለምን እንደሚያሳስብ ባለሙያው ያስረዱኝን እንደገባኝ ልጻፍ። በስፓይናል ጊዜ መርፌው ዱራውን አልፎ ፈሳሹ ውስጥ ይገባና ሁለት ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆን ቡፒቫኬይን የተባለ መድኃኒት ይለቀቃል። ይህ ትንሽ መድኃኒት ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ ሲወጣ ከጡት በታች ያለውን አካል በሙሉ ያደነዝዛል። ፈሳሹ የተጠራቀመበት ቦታ ሰፊ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እዚያው ይቀጥናል፤ ይቀርና እግር ብቻ ይደነዝዛል፣ ወይም አንዱ ጎን ይዞ ሌላው ይተዋል፣ ወይም ጨርሶ አይሠራም። መጠኑን መጨመርም ቀላል መፍትሔ አይደለም፤ ድንገት ከሚፈለገው በላይ ወጥቶ ግፊትን ሊጥል ይችላል። በዚህ ላይ የማደንዘዣው መያዝ አለመያዝ የሚታወቀው ከተወጋ በኋላ ስለሆነ፣ ካልያዘ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ በጥድፊያ ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መዞር ይመጣል። የላላው አዎርታ የማይችለው ደግሞ ጥድፊያን ነው።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ሙሉ ማደንዘዣ አይሰጠኝም ብዬ ጠይቄአለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን የሚመርጠው ምንም ሳያይና ሳይሰማ ስለሚያልፍ ነው። መልሳቸው በሁለት ነገር ላይ ያተኮረ ነበር። የመጀመሪያው፣ ቱቦ ወደ ጉሮሮ ሲገባ ሰውነት ተኝቶም ቢሆን ስለሚደነግጥ ግፊቱና የልብ ምቱ በደቂቃ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ በሚሰጡ መድኃኒቶች ማለዘብ ይቻላል፤ ነገር ግን መድኃኒቶቹ መኖራቸው፣ መጠናቸው መለካቱና ሰጪው በዚህ ልምድ ያለው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው፣ የማርፋን ታማሚ ሳንባ በቀላሉ ሊቀደድ ስለሚችል የመተንፈሻ መሣሪያው በዝቅተኛ ግፊት መሥራት ይኖርበታል። እንዲሁም በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት ኬታሚን የተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ አዎርታዋ ለሰፋ እናት እንደማይሆን አስረግጠው ነገሩኝ። ኬታሚን በብዙ ቦታ ሕይወት የሚያድን ግሩም መድኃኒት ነው፤ የእኔ ዓይነቷ ግን ከመተኛቷ በፊት «ኬታሚን እንዳይሰጣት» የሚል ቃል ካርዷ ላይ ሊጻፍላት ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ ኤፒዱራል ነው። እዚህ ላይ መርፌው ዱራውን አይበሳም፤ ከዱራው ውጪ ባለው ጠባብ ቦታ ደርሶ ይቆምና በውስጡ ቀጭን ቱቦ ያልፋል። መርፌው ወጥቶ ቱቦው ይቀራል፤ መድኃኒቱ በእሱ በኩል ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። መድኃኒቱ ከፈሳሹ ውጪ ስለሚዳረስ የተጠራቀመው ፈሳሽ እንደ ስፓይናሉ አያቀጥነውም፤ ካልበቃም ይጨመራል፤ ግፊቱም ባንዴ ከመውደቅ ይልቅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጉዳቱ የተለጠጠው ዱራ ስስ ስለሆነ መርፌው ሳይታሰብ ሊበሳው መቻሉ ነው። ያኔ ቀና ሲሉ የሚያም፣ ሲተኙ የሚተው ከባድ ራስ ምታት ይከተላል። በእረፍትና በመድኃኒት ካልተሻለ ከእናቲቱ ክንድ ጥቂት ደም ተቀድቶ በዚያው በወገቧ በመስጠት ቀዳዳው የሚደፈንበት ሕክምና አለ።

አዎርታዋ ብዙ ያልሰፋ እናት፣ ኤፒዱራሉ ገና ምጡ ሲጀምር ገብቶላት፣ ሕመሙም ግፊቱም ተይዞ፣ መጨረሻ ላይ ራሷ ከምትገፋ ሐኪሙ በመሣሪያ አግዟት በማህፀን ብትወልድ በብዙ ቦታ የሚመረጠው ይህ ነው። ኦፕራሲዮን ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው በእኛ ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም። የእኔ ሐኪሞችም መጀመሪያ ያሰቡት እንዲህ ነበር። ነገር ግን ምጥ በሌሊት ቢመጣ ወይም ከአንድ ቀን በላይ ቢቆይ ኤፒዱራሉን አስገብቶ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው እንደሚኖር ማንም ዋስትና ሊሰጠኝ አልቻለም፤ ለምጥ ኤፒዱራል መስጠት በአገራችን ገና ያልተስፋፋ አገልግሎት ነው። ያለ ኤፒዱራል ማማጥ ደግሞ ለ42 ሚሊ ሜትር አዎርታ አልተፈለገም። ስለዚህ ሦስቱ ሐኪሞች ተነጋግረው በ38ኛው ሳምንት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ በጠዋት፣ በኤፒዱራል በኦፕራሲዮን እንድወልድ ወሰኑ። ለእኔ የተሻለው ይህ የሆነው በሰው ኃይልና በሰዓት ምክንያት መሆኑ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ቦታ የምትወልድ ሌላ እናት በዚያው 42 ሚሊ ሜትር ሌላ ውሳኔ ቢሰጣት ሐኪሞቿ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ሄጄ ብወልድስ የሚለውም ተነስቶ ነበር። ባለሙያው «እዚያ የሚያክምሽ ሰው አስቀድሞ የሚያውቅሽ ከሆነ ሂጂ፤ ካልሆነ ግን የሚያውቅሽ ባለበት ውለጂ» አሉኝ፤ ይህም አሳመነኝ።

ቤት ውስጥ የነበረው ክርክር ከሆስፒታሉ ይበልጥ ይከብድ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አማቴ በጣም የሚወዱኝ ሴት ናቸው፤ ወገብ ላይ መወጋት የሚለውን ሲሰሙ ግን «ልጄ፣ ወገብሽን ሰጥተሽ ልጅሽን በምን ታዝያታለሽ?» ብለው አለቀሱ። በሠፈራችን በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ሁሉ ለዓመታት የሚሰማትን የወገብ ሕመም በመርፌው ታሳብባለች። ባለሙያውን ስጠይቃቸው መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም እንደሚችል፣ ለዓመታት የሚቆየው የወገብ ሕመም ግን በማህፀን በወለዱትም ላይ የሚታይ፣ ከእርግዝናው ክብደትና ከጅማት መላላት የሚመጣ መሆኑን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ሳልወጋም ስታመም የኖርኩ ሴት ነኝ። ለአማቴ ያስረዳሁት በሳይንሱ አይደለም፤ ባለሙያውን ራሳቸውን እንዲያነጋግሩ ይዣቸው ሄድኩ፤ እሳቸውም በትሕትና «እማማ፣ እኔ እጇን ይዤ አጠገቧ ነኝ» ሲሏቸው ተረጋጉ። ጸበሉንም አልተውኩም፤ ስጠመቅ ግን ሜቶፕሮሎሉን እንዳላቋርጥ የንስሐ አባቴ ራሳቸው አስጠንቅቀውኛል።

ከቀኑ በፊት በነበሩት ሳምንታት የተሠራው ዝግጅት ብዙ ነበር። የኤፒዱራሉ መርፌና ቱቦ በከተማው መድኃኒት ቤቶች ስላልተገኘ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ባለሙያው አንድ ቢበላሽ ብለው ሁለት እንዲሆን አዝዘው ነበር። ለደም ባንኩ ዘመዶቼ ቀድመው ደም ለገሱ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ባለሙያው በራሳቸው እጅ የጻፉት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በላዩ የሕመሙ ስም፣ የመጨረሻው ኢኮ ቀንና ልክ፣ የወገቤ ፈሳሽ የሰፋበት ቦታ፣ የምወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ኤፒዱራል መሆኑ፣ ካልተሳካ ሙሉ ማደንዘዣው እንዴት እንደሚሰጥ፣ ኬታሚን እንደማይሰጥ፣ ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ባንዴ ሳይሆን በዝግታ እንዲንጠባጠብ፣ ግፊት የሚያስወጣው ኤርጎሜትሪን ደግሞ ጨርሶ እንዳይነካኝ ተጽፎ ነበር። አንዱን ቅጂ ካርዴ ውስጥ፣ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩ፤ ባለቤቴም በስልኩ ፎቶ አነሳው። ምጥ ከቀጠሮው ቀድሞ በሌሊት ቢመጣና ተረኛው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያ ወረቀት በእኔ ፋንታ ይናገራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። በመጨረሻዎቹ ወራት ደረት ላይ ወይም በሁለቱ ትከሻ መካከል ጀርባ ላይ ድንገት የሚቀድ ዓይነት ሕመም ቢመጣ «ጨጓራ ነው»፣ «ቃር ነው» ብሎ ወተት ጠጥቶ መተኛት የለም። ማርፋን ላለባት እናት ያ ሕመም የአዎርታ መሰንጠቅ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ድንገተኛ መታየት አለበት፤ ድንገተኛ ክፍል ስትደርስም የመጀመሪያ ቃሏ የሕመሟ ስም ይሁን።

የወለድኩበትን ጠዋት በዝርዝር የምተርከው ለሚፈሩ ሰዎች ብዬ ነው። መድኃኒቴን በጥቂት ውሃ እንድውጥ ተደረገ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ በመጀመሪያ በእጄ አንጓ በኩል ግፊቴን በየቅጽበቱ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ገባ፤ እውነት ለመናገር ከሁሉም ያመመኝ ይህ ነው። ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትራስ አቅፌ፣ አገጬን ወደ ደረቴ ሰብሬ፣ ጀርባዬን እንደ ቀስት እንዳጎብጥ ታዘዝኩ፤ አንዲት ሲስተር ትከሻዬን ይዛኝ ነበር። ባለሙያው ከሰፋው ቦታ ከፍ ብለው ገቡ፤ የተጣመመውን አከርካሪ እየፈለጉ መርፌውን መልሰው ሲያስተካክሉ የመገፋት ስሜት እንጂ የጎላ ሕመም አልተሰማኝም። አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶኬይን የተባለ ማደንዘዣ ጥቂት ሰጡኝ፤ ጠበቁ፤ ደገሙ። በየመካከሉ አልኮል የተነከረ ጥጥ ሆዴን፣ ጎኔን፣ ደረቴን እያስነኩ «ይቀዘቅዝሻል?» ይሉኛል። በቀኝ በኩል ምንም አልተሰማኝም፤ በግራ እምብርቴ አጠገብ ጥጡ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ቱቦውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ሳብ አድርገው፣ በግራ ጎኔ አዘንብለውኝ ሌላ ጨመሩ፤ ቀዝቃዛው ስሜት ቀስ በቀስ ጠፋ። ቀዶ ሐኪሟ ይህ ሁሉ ሲሆን ጓንቷን አድርጋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ትጠብቅ ነበር፤ ማንም አላጣደፈም። ስፓይናል ቢሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ ኦፕራሲዮኑ ሊያልቅ ይችል ነበር። ዝግታው ግን ለእኔ ሕክምናው ራሱ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ስትወጣ ሆዴ ውስጥ መጎተትና መገፋት ተሰማኝ፤ ሕመም አልነበረም። ግፊቴ ከታሰበው አልወጣም። ቱቦው እስከ ማግስቱ ቆይቶ ሕመም ማስታገሻ ተሰጠኝ፤ ይህም ሌላው የኤፒዱራል ጥቅም ነው፤ ቁስሉ ሲያም ግፊት ይወጣልና። ደም እንዳይረጋ ሆዴ ላይ የምወጋው መርፌ ስለታዘዘልኝ ቱቦው የሚወጣበት ሰዓት ከመርፌው ሰዓት ጋር ተሰልቶ ነበር፤ ይህን የማደንዘዣ ባለሙያው ሳይፈቅድ ማንም ቱቦውን እንዳይነቅለው እናት ራሷ ብታውቅ ጥሩ ነው። ራስ ምታቱም ሳይመጣብኝ ቀረ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው ቤቱን ሞላው፤ ገንፎውም አጥሚቱም በየአቅጣጫው መጣ። አራስነቴን ግን እንደ ሌሎቹ አላየሁትም፤ አደጋው ከወሊዱ ጋር አላበቃምና። ግፊቴን ጠዋትና ማታ እለካ ነበር፤ ከባድ ነገር አላነሳሁም፤ ኢኮውም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ተደጋገመ። አዎርታው ወደ 43 ከፍ ብሎ እዚያው ቆሟል። ለልጄ የጂን ምርመራ እዚህ ስላላገኘሁ የዓይን ሐኪምና የልብ ሐኪም በየጊዜው ያዩአታል፤ እስካሁን ዓይኗም አዎርታዋም ደህና ነው፤ ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ይህ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፤ ክትትሉ የሚቀጥለው ስታድግም ነው።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ከኦፕራሲዮኑ ቀደም ብሎ የማህፀን ሐኪሜ «በዚሁ ማደንዘዣ የማህፀን ቱቦሽ ይቋጠር?» ብለው እኔንና ባለቤቴን ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ከባድ ቢሆንም ወቅቱ ትክክለኛ ነው፤ በኋላ ይሠራ ቢባል ሌላ ማደንዘዣ፣ ሌላ ጭንቀት ይጠይቃልና። እኛ የመጀመሪያ ልጃችን ስለነበረች አልፈቀድንም። አዎርታዬ 43 መድረሱ ሲታወቅ ግን የልብ ሐኪሜ ሳያማክሩኝ እንዳልፀንስ ስላሳሰቡኝ፣ ማደንዘዣ የማይፈልገውን ሉፕ አስገባሁ። ሁለተኛ ልጅ የምናስብ ከሆነ አዎርታው አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና መጠገን ይኖርበት እንደሆነ ከልብ ሐኪሜ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው።